የእንጨት ምስል ሞዴልና በንግድ ላይ ያለው ጥቅም

በእጅ ሥራ ዕቃ የሚነግዱ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ችግር አለ። ገዥው ከመደብሩ መደርደሪያ ላይ ከእንጨት የተቀረጸች አንዲት የሚዳቋ ምስል አንሥቶ፣ አገላብጦ አይቶና ወዶ «ከዚህችው ዓይነት ሦስት መቶ ላኩልኝ» ብሎ ያዛል። ነጋዴው በደስታ ውሉን ይፈርማል፤ ሥራውንም ለሁለት ወይም ለሦስት ባለ እጆች ያከፋፍላል። ሦስቱ መቶ ምስሎች ተሠርተው ሲሰበሰቡ ግን አንዷ አንገተ ረጅም፣ አንዷ ሆደ ሰፊ፣ ሌላዋም እግረ አጭር ሆና ትገኛለች። እያንዳንዷ ለብቻዋ ብትታይ መልከ መልካም ናት፤ ባንድነት ሲቆሙ ግን ናሙናዋን የሚመስሉት ከእኩሌታ አይበልጡም። ገዥው ደግሞ ገንዘቡን የሚከፍለው ለናሙናዋ ነው። ከዚህ በኋላ የሚከተለው የወቀሳ ደብዳቤ፣ የዋጋ ቅናሽ ጥያቄ፣ ከዚያም የደንበኛው መጥፋት ነው።

እንደዚህ ያለው ጉዳት በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው በባለ እጁ ላይ ይፈርዳል። ፍርዱ ትክክል አይደለም። ቀራጩ የሠራው በዓይኑ ለክቶ፣ በልቡ ያለውን መልክ ተከትሎ ነው፤ የሁለት ሰዎችም ዓይን አንድ ሊሆን አይችልም። ያንድ ሰው ዓይን እንኳ ጧትና ማታ አንድ አይደለም። ጥፋቱ ሥራውን ያዘዘው ሰው ቃልና ናሙና ብቻ ሰጥቶ መለኪያ አለመስጠቱ ነው። ልብስ ሰፊው ያለ ልክ ጨርቅ አይቀድም፤ ጫማ ሠሪውም ቆዳውን የሚቆርጠው ከካርቶን የተዘጋጀውን ቅድ ከላዩ አድርጎ ነው። ታዲያ እንጨት ብቻ ያለ ልክ የሚቀረጽበት ምክንያት ምንድን ነው?

ለእንጨት ምስል የሚሆነው ልክ ሞዴል ይባላል። ሞዴል ማለት የምስሉ ጥላ በግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚታየው የዳር መስመር በቀጭን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተቆርጦ፣ በእንጨት ላይ እያኖሩ በእርሳስ ዙሪያውን ለመሳል የሚያገለግል ነው። ተሠርቶ ካለቀው ከመጀመሪያው ምስል ጋር መምታታት የለበትም፤ እርሱ አብነት ነው። አብነቱ ለዓይን ነው፤ ሞዴሉ ለእጅ ነው። ላኪው ሁለቱንም ሊይዝ ይገባዋል።

ይህ አሠራር ለትልቅ ንግድ መሠረት ሊሆን እንደሚችል ከስዊድን አገር የበለጠ ምስክር አይገኝም። በዳላርና አውራጃ፣ በሲልያን ሐይቅ አጠገብ ኑስኔስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በዚያ አገር በጫካ የሚሠሩ ሰዎች በረጅሙ የክረምት ሌሊት በእሳት ዳር ተቀምጠው ለልጆቻቸው መጫወቻ የሚሆን ፈረስ በቢላዋ ይጠርቡ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. ግራናስ አንደሽ ኦልሶን የተባለ ሰው ይህንኑ የቤት ሥራ ወደ ንግድ ለወጠው፤ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ኒልስና ያነስ ኦልሶን የተባሉ ወንድማማቾች ገና ልጆች ሳሉ ሁለተኛውን የሥራ ቤት ከፈቱ። በ1939 ዓ.ም. በኒውዮርክ በተደረገው የዓለም ትርዒት የስዊድን መንግሥት ትልቅ የዳላ ፈረስ አቆመ፤ በሚቀጥለው ዓመት 20,000 ያህል ፈረሶች ወደዚያች ከተማ እንደተጫኑ ይነገራል።

ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ግን ከትርዒቱ በስተኋላ ያለው አሠራር ነው። በኑስኔስ የጥድ ሳንቃ ይመጣል፤ የፈረሱ የጎን መልክ በሞዴል በሳንቃው ላይ ይታተማል፤ ከዚያም በሞተር በሚዞር ቀጭን መጋዝ ይቆረጣል። ይህ ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የተቆረጠው ጠፍጣፋ ፈረስ ቤታቸው ተቀምጠው ለሚሠሩ ቀራጮች ይሰጥና በቢላዋ ጠርዙን ያለሰልሱታል፤ ጆሮውን፣ አንገቱንና ደረቱን ያወጡለታል። ወደ ሥራ ቤቱ ሲመለስ የእንጨቱ ጉድለት ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ቀለም ውስጥ ይነከራል፣ በመጨረሻም ሠዓሊዎቹ ሁለት ቀለም ባንድ ብሩሽ ይዘው ኮርቻውንና ልጓሙን ይሥሉበታል። እንግዲህ ሁለት ፈረሶች ፍጹም አንድ አይሆኑም፤ ቁመታቸውና ቁመናቸው ግን አንድ ነው። ገዥው የሚፈልገው ሁለቱንም ነው፤ እጅ የሠራው መሆኑን የሚያሳይ ልዩነትና ከካታሎጉ ሥዕል ጋር የሚስማማ ልክ።

ጎረቤታችን ኬንያ ሌላ መንገድ ተከትላለች። የካምባ ሕዝብ የዛሬው የቅርጽ ንግድ መነሻ ነው የሚባለው የዋሙንዩ ሰው ሙቲስያ ሙንጌ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በታንጋኒካ ሳለ ከዚያ አገር ቀራጮች ሙያውን ቀስሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሙያው በመንደሩ ተስፋፍቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በሞምባሳ የካምባ ባለ እጆች የኅብረት ሥራ ማኅበር ለመቋቋም በቃ። በካምባ ቀራጮች ዘንድ አንዱ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቀጭኔ ብቻ፣ ሌላው ዝሆን ብቻ፣ ሌላውም ሚዳቋ ብቻ ሲቀርጽ ይገኛል። ያን ያህል ጊዜ አንድ ነገር ብቻ የሠራ ሰው ሞዴሉ በእጁ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፤ ወረቀትም ካርቶንም አያስፈልገውም። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሲታመም ወይም ሲያረጅ ሞዴሉም አብሮት ይታመማል፣ አብሮት ያረጃል። አዲስ ቅርጽ የሚጠይቅ ገዥ ሲመጣም እንደገና ከመጀመሪያው መማር ግድ ይሆናል።

ሦስተኛውም መንገድ የመኪና ነው። በሰሜን ኢጣልያ በዶሎሚቲ ተራሮች መካከል ያለው የጋርዴና ሸለቆ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በእንጨት ቅርጽ የታወቀ ነው። በዚያ የሚሠራበት መኪና አንድ መሪ ጣትና በርካታ የሚሽከረከሩ መቁረጫዎች አሉት፤ ሠራተኛው መሪውን ጣት በአብነቱ ላይ ሲያንሸራትተው መቁረጫዎቹ ያንኑ እንቅስቃሴ ተከትለው ባንድ ጊዜ ብዙ ምስል ያወጣሉ። የፊቱንና የእጁን ጥቃቅን ሥራ ቀራጩ በመሮ ይጨርሰዋል። መኪናው ውድ ነው፤ የሚጠቅመውም በሺህ ለሚያስቡ ነው። በመቶ ለሚያስብ ነጋዴ የኑስኔስ ዘዴ ይበቃዋል።

የሞዴሉ አሠራር እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ምስሉ ከጎን ሲታይ ያለው መልክና ከፊት ሲታይ ያለው መልክ በሁለት ወረቀት ላይ ይሣላል። ሁለቱ ሥዕሎች ቁመታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ከጎን ሲታይ አፍንጫው ከመሬት 14 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከፊት ሲታይም 14 መሆን ይገባዋል። ነገሩ የሕፃን ትምህርት ይመስላል፤ ሆኖም ቅርጽ ተበላሽቶ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ነው። ስሕተቱን ለማስወገድ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አኑሮ፣ በእግር፣ በጉልበት፣ በሆድ፣ በአገጭና በራስ አናት ልክ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ቀጥተኛ መስመር ማስመር ነው። ከፊት በሚታየው ሥዕል መካከልም ከላይ እስከ ታች አንድ የመካከል መስመር ይሰመራል፤ ግራና ቀኙ የሚለካው ከዚያ ነው።

ሥዕሉን ከአብነቱ ላይ ለማውጣት ሩቅ ቆሞ በካሜራ ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል። ቅርብ ሆነው ያነሡት እንደ ሆነ ግን ወደ ካሜራው የቀረበው ክፍል ከልኩ በላይ ይተልቃል፤ የፈረስ ራስ የበሬ ራስ ያህል ይሆናል። ሥዕሉን በፎቶ ኮፒ መኪና ለማሳደግና ለማሳነስ የሚፈልግ ሰው፣ አስቀድሞ በወረቀቱ ጥግ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስመር ያስምር፤ ከኮፒው በኋላ ያንን መስመር በማስመሪያ ሲለካው መኪናው ምን ያህል እንዳሳደገው ያለ ጥርጥር ያውቃል። መኪና የሌለበት ሥፍራ ደግሞ ሥዕሉን በአራት ማዕዘን ቤቶች ከፋፍሎ፣ ትላልቅ ቤቶች በተሰመሩበት ሌላ ወረቀት ላይ ቤት በቤት መገልበጥ ይቻላል።

ወረቀት ለሞዴልነት አይሆንም። ርጥበት ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ዳሩም በእርሳስ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተዞረ ይላሳል። ካርቶን ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል፤ ለሃያና ለሠላሳ ምስል ይበቃል። ለብዙ ሥራ የሚሻለው ቀጭን ኮምፔንሳቶ ወይም ላሜራ ነው፤ ሥዕሉ በካርቦን ወረቀት ይተላለፍና በቀጭን መጋዝ ወይም በመቀስ ተቆርጦ ዳሩ በሞረድ ይስተካከላል። ከዚህም የሚረክስና ብዙ ሰው ንቆ የሚጥለው ዕቃ አለ፤ ያገለገለ የራጅ ፊልም ነው። በመቀስ ይቆረጣል፣ ውኃ አያበላሸውም፣ ብርሃን ስለሚያሳልፍም ቀራጩ ሞዴሉን በእንጨቱ ላይ እንዳኖረ የእንጨቱን ጭረትና ቁጥር በስተሥሩ ማየት ይችላል። ቁጥር በአንገት ላይ እንዳይውል ሞዴሉን ትንሽ ወዲያ ትንሽ ወዲህ ለማንሸራተት ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ሞዴሉ ከተቆረጠ በኋላ ሦስት ነገር ሊጻፍበት ይገባል። አንደኛው የምስሉ ስምና ቁጥር ነው። ሁለተኛው የቁመቱ ልክ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው የእንጨቱ ጭረት ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክት ቀስት ነው። እንጨት በጭረቱ ርዝመት ብርቱ፣ በጭረቱ አግድም ግን ደካማ ስለሆነ፣ የሚዳቋዋ ቀጫጭን እግሮች በጭረቱ መንገድ ካልዋሉ በሣጥን ውስጥ ሳሉ ይሰበራሉ። ቀስቱን የማያይ ሠራተኛ ከሳንቃው ላይ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ሞዴሉን ያጋድመዋል፤ ባሕር ማዶ ሲደርስ እግሮቹ ለብቻ፣ አካሉ ለብቻ ሆኖ የሚወጣው እንደዚህ ባለ ቁጠባ ነው። ዓይን፣ ብብትና ጉልበት የሚውሉበት ሥፍራም በሞዴሉ ላይ በትንንሽ ቀዳዳ ቢበሳ፣ የእርሳሱ ጫፍ በቀዳዳው ገብቶ ነጥቡን በእንጨቱ ላይ ያመለክታል።

በእንጨቱ ላይ አስቀድሞ የሚሣለው የጎን መልክ ነው፤ የምስሉ ጠባይ የሚታወቀው በጎኑ ነውና። መጋዙ መስመሩን ሳይነካ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ሆኖ ይቆርጣል። ከዚህ በኋላ የፊቱን መልክ ለመሣል ጠፍጣፋ ገጽ ስለሚያስፈልግ፣ ከመጀመሪያው ቁርጥ የወጡትን ትራፊዎች አለመጣል ነው፤ ወደ ሥፍራቸው ተመልሰው በማጣበቂያ ወረቀት ይታሠሩና እንጨቱ እንደገና ባለ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ በዚያ ላይ የፊቱ ሞዴል ይዞርበትና ይቆረጣል። ማጣበቂያው ሲፈታ ከውስጥ ሻካራ ምስል ብቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የመሮና የቢላዋ ሥራ ነው፤ እርሱንም ሞዴል ሊሠራው አይችልም፣ ሊሠራውም አይገባም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። እርሳስ ውፍረት አለው፤ በሞዴል ዙሪያ የተሣለ መስመር ከሞዴሉ ጥቂት ይሰፋል። ሞዴሉ ሲያረጅ ከርሱ ላይ አዲስ ሞዴል ቢቀዳ አዲሱ ያንኑ ያህል ይተልቃል፤ ከአዲሱም ሦስተኛ ቢቀዳ እንዲሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚሸጠው ምስል ገዥው መጀመሪያ ያየውን አይመስልም፤ ማንም ሰው ግን ለውጡ በየትኛው ቀን እንደመጣ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ አንድ የእናት ሞዴል በነጋዴው ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ለሠራተኞች የሚሰጡት ሁሉ ከእርሱ ብቻ ይቀዱ። ሲያልቁም አሮጌዎቹ ይሰብሰቡ።

ስለ ዋጋም አንድ ስሌት አለ፤ ብዙ ላኪዎች ሲሳሳቱበት ይታያል። ገዥው «ይህንኑ እጥፍ አድርጋችሁ ሥሩልኝ» ሲል አንዳንዱ ነጋዴ ዋጋውንም እጥፍ አድርጎ ይጽፋል። ቁመቱ እጥፍ የሆነ ምስል ግን ወርዱም ውፍረቱም እጥፍ ስለሚሆን የሚበላው እንጨት ስምንት እጥፍ ነው፤ ክብደቱም እንደዚሁ። ባለ 10 ሳንቲ ሜትሩ ምስል 150 ግራም ቢመዝን፣ ባለ 20 ሳንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ ግራም ከ200 ይመዝናል። በቁመት አንድ ተኩል ጊዜ ብቻ ቢያድግ እንኳ ክብደቱ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ዕቃው በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ ያልታሰበው የማጓጓዣ ሒሳብ ትርፉን ጠራርጎ ይወስደዋል። ሞዴሉ ላይ ከቁመቱ አጠገብ የደረቀው ምስል ክብደት ቢጻፍ ጸሐፊው የዋጋ ደብዳቤ ሲያዘጋጅ ሚዛን ፍለጋ አይሄድም።

የደረቀ የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ርጥብ እንጨት ለመሮ ይለሰልሳል፤ ቀራጮች የሚወዱትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን እንጨት ከርጥብ ወደ ደረቅ ሲለወጥ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በአግድሙ ግን እንደ ዓይነቱ ከመቶ 5 እስከ 10 ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ባንድ ሞዴል ከርጥብና ከደረቅ እንጨት የተሠሩ ሁለት ምስሎች ከጥቂት ወር በኋላ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆነው ይታያሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ስንጥቅ ነው፤ የአውሮፓ ቤት በክረምት ማሞቂያ ስለሚቃጠልበት አየሩ እጅግ ደረቅ ነው፤ በአዲስ አበባ መደብር ውስጥ ደህና የነበረ ምስል እዚያ በሁለት ሳምንት ይተረተራል። ዋንዛ ለመሮ የሚታዘዝ፣ ለትልልቅ ምስል የሚስማማ እንጨት ነው። ወይራ ጠንካራና ከባድ ስለሆነ ለጥቃቅን ሥራና ለመስቀል ያምራል። ጽድ መልካም ሽታ አለው፤ ነገር ግን መሰንጠቅ ይወዳል። እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠና በሕጋዊ መንገድ የመጣ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት መያዝም አይረሳ። ምስሉ የሚታሸግበት ሣጥን ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ካለው ጥሬ እንጨት ከሆነ፣ ብዙ አገሮች በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ የታከመና ማኅተም ያለበት እንዲሆን ስለሚያስገድዱ፣ ምስሉ ምንም የማይወጣለት ቢሆን ሣጥኑ በወደብ ሊያስቀረው ይችላል።

ሞዴል ቅርጽን መደጋገም ቀላል ካደረገ ለሌባም ቀላል አድርጎታል። አዲስ መልክ ያወጣ ሰው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ንድፉን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ጥበቃው ለአምስት ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ለአምስት አምስት ዓመት ይታደሳል። ንድፉ አዲስ መሆን ስላለበት፣ መጀመሪያ በየገበያው አዙሮ አሳይቶ በኋላ ለመመዝገብ መሮጥ አይበጅም። የአንበሳና የሚዳቋ መልክ የማንም ስላልሆነ የሚጠበቀው አዲሱ አሣሣል ብቻ ነው።

ሞዴል ሊወጣባቸው የማይገቡ ምስሎችም አሉ። በኮንሶ ለሞተ ጀግና መታሰቢያ የሚቆመው ዋካ ለአንድ ሰው የተቀረጸ የአንድ ሰው ነው፤ በአጠገቡም የሚስቶቹና በሕይወቱ ሳለ የጣላቸው ምስሎች ይቆማሉ። የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2011 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዝግቧል። ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ የተሸጡ ዋካዎች መኖራቸው ያሳፍራል፤ ገዥ ባይኖር ነቃይ አይኖርም ነበርና። ያንን መልክ በካርቶን ቀድቶ በመቶ ማባዛት ሌብነት ባይሆንም የሟቹን ቤተ ሰብ ያስቀይማል። አዲሱን ምስል በጭስና በጭቃ አሮጌ አስመስሎ መሸጥም ሌላ መዘዝ አለው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አሮጌ መስሎ የተሠራ ምስልም በአውሮፕላን ጣቢያ ሲያዝ ባለቤቱ አዲስ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል። ቁጥርና ቀን ያለበት ሞዴል በመደብሩ ቢኖር ለዚህ ማስረጃ ይረዳል።

ሞዴሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሲከመሩ ዳራቸው ይጎዳል፤ የኮምፔንሳቶው ኮላም በርጥበት ይለቃል። በላያቸው ቀዳዳ ተበስቶ በሚስማር ላይ በቁጥራቸው ተራ ይሰቀሉ፤ ከመስኮት ይራቁ። የወሰዳቸው ባለ እጅ ስምና የወሰደበት ቀን በደብተር ይጻፍ፤ ምስሎቹን ሲያስረክብም ሂሳቡ የሚዘጋው ሞዴሉን ጭምር ሲመልስ ይሁን።